የማይደማው

በቺሎዌ ባሕር፣ ዝናብ እንደ ወንፊት
ቀን ከሌት በሚያጠል፣ በሰኔ ወር ክረምት፣
እኔ ጀልባ ነጂው፣ እኔ ባልዶሜሮ፣
ስንቱን አሻግሬ ከደሴት ካስትሮ፣
ላም ከነጥጃዋ፣ ሙሽራ ከነሚዜ፣
ሬሳውን፣ ድንቹን፣ ሁሉን በየጊዜ፤
አንድ ጉዞ ብቻ ከልቤ አልወጣ አለ፤
አንዱ እየጮኸ፣ ሌላው ዝም እያለ።

አይሌን የኤርሚንዳ፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላት፣
የድንጋይ ሽበት ያወጣ ደረጃ አዳለጣት፤
የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ጠጠሩ ላይ ወድቆ፣
አገጯ፣ ሹራቧ፣ በደም ተጨማልቆ፣
እናቷ «ወየው!» አለች፤ ወደቡ ታመሰ፤
የዓሣው ቅርጫት ሳይቀር ተንዶ ፈሰሰ።
አንዱ «ጣሉት» አለ፣ «ሌላ ያበቅላል»፤
አንዱ በጃኬቱ ጫፍ ሊፈትገው ይታገላል።

አንዱን እግሯን ቦቲ፣ አንዱን ሸበጥ አጥልቃ፣
«ተው!» አለች ነርስ ሶይላ፣ ሰዉን መሐል ሰንጥቃ።
«ሥሩን እንዳትነኩ! ያዙት በጫፉ፣
ሕይወት አለው ገና፤ አትፈትጉ፣ እረፉ!
የወተት አይደለም፤ ይኼኛው ካለፈ
ተተኪም የለው፣ መዝገቡ ታጠፈ።»
በንጹሕ ውኃ ላፍታ ለቅለቅ አደረገች፣
ከተነቀለበት መልሳ ሰካች፣
መሐረብ አጣጥፋ «ንከሺው» አለቻት፤
ለእናቲቱም «ቢወልቅ» ብላ ወተት ሰጠቻት።

ሞተሩን አስነሣሁ። ገመዱን ልፈታ ነው።
ሶይላ ግን ቆማለች። አፍንጫዋ ነገራት መሰለኝ፣
ያንን የሰነበተ ሽታ።
ከመረቦቹ ክምር ኋላ፣ ሣጥን ላይ፣
ዶን ኤውሎጂዮ ተቀምጦ ነበር፣
ሻርፑን እስከ ጆሮው ጠምጥሞ፣
የልጅቷን ደም እንደ ሁላችን እያየ።

አራት ቀን።
ቅርንፉድ ነክሶ፣ አረቄ ተጉመጥምጦ፣
አስፕሪን ድዱ ላይ አኑሮ፣ ድዱን አቃጥሎ ልጦ፣
«ያልፋል» እያለ መረብ ሲጠግን።

ሻርፑን ገለጠች። አንገት የለም።
ከአገጩ እስከ ማንቁርቱ አንድ ወጥ፣ ቀይ፣ እንደ እንጨት የጠጠረ።
«ምራቅህን ዋጥ» አለችው።
ሞከረ። በከንፈሩ ጥግ ወረደ።
«ልጅቷ ትቅደም» አለ፤ ሊል ፈለገ እንጂ፣
እኔ የሰማሁት ትኩስ ድንች የጎረሰ ሰው ድምፅ ነው፤
ምላሱ ከሥር ተገፍታ ላንቃውን ታክካለች።

ሶይላ እንደዚያ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም።
«ይኼ ሁሉ ሰው» አለች፣ «ይኼ ሁሉ ዓይን!»
ከዚያ በለሆሳስ፣ «እኔም ጭምር።»

«እንዳታስተኙት» አለችን፣ «ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤
እብጠቱ ወደ ውስጥ ነው፣ ትንፋሹን እንዳይውጥ።
ልጅቷ ብንዘገይ፣ ጥርስ ነው የምታጣ፤
እሱ ግን…» ብላ ተወችው። ባሕሩም ተቆጣ።

አርባ ደቂቃ ነው፣ ማዕበል ሲያነሣን፣ ሲጥለን።
ሶይላ በሬዲዮ ካስትሮን ትጠራለች፣
«ቀዶ ሐኪም ይጠብቀን» ትላለች፣ ደግማ፣ ሠልሳ።
አይሌን፣ አፏን መሐረብ የሞላው፣
የሽማግሌውን አውራ ጣት ጨብጣ
በሌላው እጇ ትንፋሹን ትቆጥርለታለች፤
አሥር ስትደርስ ጣቶቿን አጥፋ እንደገና ከአንድ።
ማንም አላዘዛት።

«ዝም አይነቅዝም» ሲባል እሰማ ነበር፤
ዝም ነቅዞ አየሁት፣ በዚያ ሰው አገጭ ሥር።

ጥርሷ ያዘላት፤ ትንሽ ጠቆር ብሎ።
ኤውሎጂዮም ተርፏል፣ ሦስት መንጋጋ ጎድሎ፣
መግሉ በፈሰሰበት ጠባሳ አብቅሎ፤
መረቡን ይጠግናል፣ ድንቹን አቀዝቅዞ ይበላል፣
ስለዚያ ቀን ከጠየቅኸው ስለ ነፋሱ ያወራል።

እኔ ግን ጩኸት ስሰማ፣ ደም ሲፈስ ባይ እንኳ፣
ከመሮጤ በፊት ዞር ብዬ አያለሁ፤
ሻርፕ የጠመጠመ ማን አለ እላለሁ።